ድንኳን የተጣለላት ተጎታች ቤት

መኪና የለኝም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ሰው ሁሉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ስለሆነ ነው። «ቲቸር፣ ተጎታች ቤት ገዛህ አሉ፤ በምን ልትጎትታት ነው?» ይሉኛል። መጀመሪያ ቤቷ ትምጣ፣ ጎታቿ ቀስ ብሎ ይደርሳል እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ይሳቁ። ከቁስቋም በታች ባለው በእኛ ዳገት እንኳን ቤት የሚጎትት፣ ራሱን የሚጎትት መኪናም እንደ ልብ አይገኝም።

ሥራዬ ጂኦግራፊ ማስተማር ነው። ወደ ዊንጌት ወረድ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ከወጣትነቴ ጀምሮ አዋሽን ካርታ ላይ በዱላ ጫፍ እየነዳሁ ከጊንጪ አፋር አድርሼ አሸዋ ውስጥ ሳሰጥመው ኖሬአለሁ። ስለ ስምጥ ሸለቆ ሳወራ የሰማኝ ሰው እዚያው ተወልጄ ያደግሁ ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር ግን በዚያ አቅጣጫ የሄድኩበት ጫፍ ቢሾፍቱ ነው። እሱም ለሠርግ ተጠርቼ ሲሆን የሄድንበት አውቶብስ መጋረጃው እንደተዘጋ ሄዶ እንደተዘጋ ተመለሰ።

አባቴ ግን አገር አይቷል። የውሃ ጉድጓድ ለሚቆፍሩ ሰዎች ሾፌር ነበር። መስቀል ሲያልፍ ከላንድሮቨሩ ኋላ አንዲት ትንሽ ነጭ ቤት አስሮ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ እዚያ የሚያድረው በእሷ ውስጥ ነው። ክረምት ሲቃረብ መንገዱ ጭቃ ከመሆኑ በፊት ቤቷን እየጎተተ ይመለሳል። ከዳገቱ ሥር ሲደርስ ክላክሱን ያስጮሃል፤ ያን ጊዜ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ቁልቁል ይሮጣል። ከኋላ ሆነን ቤቷን እንገፋለን። አናት ላይ ስንደርስ አባቴ ከመኪናው ወርዶ፣ እናንተ ባትኖሩ ዛሬ አልወጣም ነበር ይለናል። እኛም እናምነዋለን፤ እኔማ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተጠራጠርኩም።

ክረምቱን በሙሉ ቤቷ ግቢያችን ውስጥ ትቆማለች፤ እኔና እህቴ አልማዝ የምናድረውም እዚያ ነበር። ጠረጴዛዋ ሲታጠፍ አልጋ ይሆናል። በእግር ሲረግጡት ውሃ የሚተፋ ቧንቧ አላት፤ እኛም ውሃ ባይጠማንም እንረግጠዋለን። ውስጧ ቤንዚንና ሳሙና ይሸታል። ዝናቡ ጣሪያዋን ሲደበድብ አልማዝ «አሁን የት ነን?» ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ጎዴ፣ ሚሌ፣ ጂንካ እያልኩ ከአባቴ አፍ የሰማሁትን ስም ሁሉ እጠራላታለሁ። የጂኦግራፊ ትምህርቴ ይኸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጨመርኩበት ብዙ የለም።

አባቴ ራሱ ቤት ከገባም በኋላ ቀን ቀን እዚያ መጋደም ይወድ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ ምሳ ቀርቧል፣ ደህና ቤት እያለህ ምን እዚህ ያስተኛሃል፣ ግባ ትለዋለች። «እመጣለሁ» ይላታል። አይመጣም። ምሳው ይቀዘቅዛል፣ እሷ ትቆጣለች፣ እኛ እንስቃለን። ከድምፁ ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ይህ «እመጣለሁ» ነው።

አንድ ዓመት ወርዶ አልተመለሰም። ወባ ያዘውና እዚያው አረፈ፣ እዚያው ተቀበረ። ቤቷም ከሥራው ጋር ወዴት እንደ ሄደች ሳናውቅ ቀረን። መርዶው በመጣ ቀን ደግሞ የዕድራችን ድንኳን፣ ያን ጊዜ አንድ ብቻ ነበር፣ ሌላ ለቅሶ ቤት ተተክሎ ስለነበር ሰው በጠራራ ፀሐይ ተቀምጦ አለቀሰለት። እናቴ ሞቱን ቀስ በቀስ ተቀበለችው። የድንኳኑን ነገር ግን አልተቀበለችም። ከዚያ ወዲህ የዕድሩ ድንኳን በበራችን ሲያልፍ ካየች ፊቷን ታዞር ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት፣ አንድ ድርጅት ያረጁ ንብረቶቹን በሚሸጥበት ግቢ አጠገብ ሳልፍ ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ አየኋት። ነጭ ናት። ወገቧ ላይ አረንጓዴ መስመር አላት። እሷ ናት አልኩ። በምን አወቅህ እንዳትሉኝ፤ ባለቤቴ ጽጌ ብላኛለች። ልብ ያውቃል ብዬ መለስኩላት። ልብህ ይህን ያህል ካወቀ ጎማዋን ለምን አላየም አለችኝ። ጎማዋ ተቀዶ ነበር።

በኪራይ አይሱዙ አስጎትቼ ሳመጣት የግቢያችን በር ጠበባት። በሩን ከነመቃኑ ነቀልነው። ሰፈሩ ወጥቶ ገፋ። እኔ ከፊት ሆኜ ግራ፣ ቀኝ እያልኩ ሳዝ ማንም አልሰማኝም፤ በደህና የገባችውም ለዚህ ይመስለኛል። በማግስቱ ጠዋት አንድ ደላላ ተከራይ ይዞ መጣ። አይከራይም ስለው በቤቷ ጥበት ያፈርኩ መሰለውና፣ ግድ የለም ጋሼ፣ ሰዎቹ ዕቃ የላቸውም ብሎ አጽናናኝ።

ቤቷ በገባችበት ቀን እናቴ ዱላዋን ተመርኩዛ መጣች። እግሯን ከታመመች ወዲህ ከግቢ አትወጣም፤ ጆሮዋም ከብዷል። ደግፌ አስገባኋት። ዞር ዞር ብላ አየችና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። እሷ ናት አይደል ብዬ ጠየቅኳት። እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ዝም አለች። ደስታ አፏን ይዟት ነው ብዬ ተረዳሁት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ዳዊቷን ይዛ እዚያ መቀመጥ ልማድ አደረገች።

እኔ ግን ጭንቀት ጀመረኝ። ቤት የሌለኝ ሰው አልነበርኩም፤ ጎማ ያለው ቤት ግን ኖሮኝ አያውቅም። አንድ ቦታ ከቆመች ጎማዋ ይበሰብሳል ይሉኛል፤ ከተንቀሳቀሰች ኩሽኔታዋ ያልቃል። መስኮቷ ከተዘጋ ትሻግታለች፣ ከተከፈተ አይጥ ይገባል። የጋዝ ሲሊንደሯን አሸታለሁ፣ ወለሏን በተረከዜ እያንኳኳሁ አዳምጣለሁ። ስልኬ ላይ ያሉት ፈረንጆች ፈገግ ብለው በየወሩ ይህን ፈትሹ፣ ያንን ቅቡ ይላሉ። እኔ የቀባሁት ግራሶ ከኩሽኔታው ይልቅ ሸሚዜ ላይ ነው የተገኘው።

ጎማዋን ለማስጠገን ፈትቼ እያንከባለልኩ ወደ ጎሚስታው ወረድኩ። ዳገት ላይ ተወልዶ ያደገ የጂኦግራፊ መምህር ስለ ቁልቁለት የማያውቀው ነገር ይኖራል ብላችሁ አትገምቱም። ነበረ። ጎማው ከእጄ አመለጠና ወደ ዊንጌት ገሰገሰ፤ እኔ ያዙልኝ እያልኩ ከኋላው። ታክሲ የሚጠብቁ ተማሪዎቼ ያዙልኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ወንዞች አወራረድ ባስተማርኩ ቁጥር ከኋላ ወንበር የሚስቅ አይጠፋም። ጎሚስታው ጎማውን አገላብጦ አየና መኪናው የት አለ አለኝ። መኪና የለውም አልኩት። ትንሽ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ይህ ሁሉ ደህና ነበር። ሰኔ ሲገባ ማፍሰስ ጀመረች። ልክ ከአልጋው በላይ፣ ጠብ፣ ጠብ። ጽጌ ሰማያዊውን ሳፋ አምጥታ ከሥሩ አስቀመጠችና በሩ ላይ ቆማ፣ በማይቸኩል ድምፅ ተናገረችኝ። እሷ ስትጮህ አልፈራትም፤ የምፈራት እንዲህ ስትናገር ነው።

«የምንተኛበት ቤት ያፈሳል። አንተ ደግሞ ሌላ የሚያፈስ ቤት ገዛህ። ፍልሰታ ሳይገባ ይህ ሳፋ ከዚህ ካልተነሳ፣ ቆራሌውን እኔው እጠራዋለሁ።»

ሙግት የለውም፣ እውነቷን ነው። ቆራሌው ግን ጆሮ ያለው ፍጥረት ነው። ከማግስቱ ጀምሮ በእኛ በር ሲያልፍ እርምጃው ይዘገይና በአጥሩ ቀዳዳ ጣሪያዋን ያያል። እሱ በሚዛን የሚሸጥ ብረት እያየ፣ እኔ ደግሞ አልማዝ አሁን የት ነን ያለችበትን ጣሪያ እያየሁ፣ ሁለታችንም እንፋጠጣለን። ቤቷ ከሄደች አባቴ ለሁለተኛ ጊዜ ወርዶ የቀረ ያህል ነበር የሚሰማኝ።

ሲሊኮን ገዛሁ። ቀባሁ፤ ሳይደርቅ ዘነበ። ደግሜ ቀባሁ፤ ደግሞ ዘነበ። ሻጩ ዘንድ ሄጄ ብጮህበት፣ ዕቃው እንከን የለውም፣ ደረቅ ቀን ጠብቅ አለኝ። በሐምሌ፣ እንጦጦ ሥር ደረቅ ቀን። ደመናው ከላያችን ካለው የእጽዋት ማዕከል ተነስቶ የሚያራግፈው እኛ ላይ መሆኑን ሰውዬው አያውቅም፤ የመርካቶ ሰው ነው። እያሰላሰልኩ ስመለስ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዝናቡን ማስቆም ካልቻልኩ ከዝናቡ በታች ሌላ ጣሪያ እሠራለሁ። ትልቅ ድንኳን ያለው ደግሞ ዕድራችን ነው።

አርብ ማታ ወደ ዕድሩ ዕቃ ጠባቂ ወደ ጋሽ ደምሴ ቤት ሄድኩ። በዚያ ሰሞን ጢሜን አልተላጨሁም፣ ዓይኔ በጭንቀት ቀልቷል፣ ለብርዱ ያገኘሁትን የአባቴን ጥቁር ካፖርት ደርቤአለሁ። ድንኳኑን ፈልጌ ነበር አልኳቸው። ጋሽ ደምሴ የያዙትን ኩባያ አስቀመጡ። ምንም አልጠየቁኝም። ክንዴን ያዝ አድርገው «አይዞህ ልጄ፤ እግዜር ያጽናህ» አሉኝ። ስለ ቤቷ ጣጣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ሰውም እንደዚህ ሲያዝንልኝ እንባዬ መጣ። ጋሽ ደምሴም ዓይናቸውን ጠረጉና ጠዋት በማለዳ እናደርሳለን፣ አንተ ምንም አታስብ አሉኝ።

ቅዳሜ ጽጌ በማለዳ ገበያ ወረደች። እሷ እንደ ወጣች የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ይዘው ደረሱ። ከቤቷ በላይ አድርጋችሁ ትከሉልኝ አልኳቸው። ተያዩና መትከል ጀመሩ። አግዳሚ ወንበሮችና ትልልቅ ብረት ድስቶችም አመጡ። ወንበሩ ለመቆሚያ ይሆነኛል፤ ድስቱን ግን ምን ላደርገው እንደሆነ አልገባኝም። ደግነት ነው ብዬ ተቀበልኩ። እናቴ እንደ ልማዷ ቤቷ ውስጥ ገብታ ዳዊቷን ትደግማለች። እኔም መሰላል አቁሜ ጣሪያው ላይ ወጣሁ።

በሆዴ ተኝቼ፣ በድንኳኑና በጣሪያው መሃል ተጣብቄ ስቀባ ከወደ ታች የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ለፋፊው ማን ቤት እንዳለ ከሩቅ አልሰማሁም። ምስኪን፣ ማን ሞቶ ይሆን አልኩ። ይህችን ስፌት ልጨርስና እደርሳለሁ፣ ካፖርቱንም ለብሻለሁ ብዬ ቀጠልኩ።

ቀና ስል ግቢው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ፊት ለፊት የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ታፈሰ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው፣ ጣሪያ ላይ ተዘርግቼ በማየታቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጥቶበት ነው ብለው ማሰባቸውን የሰማሁት በኋላ ነው። ወረድኩ። መሬት ሳልረግጥ ያቀፉኝ፣ አቅፈው ያለቀሱ ብዙ ናቸው።

አሁን ፍረዱኝ። ሰው አንገታችሁ ላይ ተጠምጥሞ እያለቀሰ «ማን ነው የሞተው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? አይጠየቅም። ዕድርተኛ በማለዳ ተሰብስቦ ሰው ቤት የሚመጣው ደግሞ ለመርዶ ነው። እናቴ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣለች፣ ጽጌ አሁን ወጣች። የቀረችኝ አልማዝ ናት። ሐዋሳ ትኖራለች፣ ከሰሞኑ አልደወልኩላትም።  «እህቴን» ብዬ ጮኬ እንደሆነ አላስታውስም፤ ብጮህም ድምፄ ከእነሱ ጩኸት ጋር ተደባልቆ አልተለየም። እነሱ በዕድሜ ገምተው ለእናቴ ያለቅሳሉ፣ እኔ ለእህቴ አለቅሳለሁ፤ እንዲህ እየተቃቀፍን ጥቂት ቆየን።

በዚህ መሃል ጽጌ ከገበያ ተመለሰች። ድንኳኑን አየች፣ ሰዉን አየች፣ እኔን ግን የከበቡኝ ሰዎች ጋርደውኝ አላየችኝም። መሰላሉ ጣሪያው ላይ እንደ ተደገፈ ነው። የያዘችው ቲማቲም መሬት ላይ ተበተነ። «ጣሪያ ላይ አትውጣ ብዬው ነበር» ብላ ደረቷን መምታት ጀመረች። እኔ ደግሞ ከሰው መሃል ሆኜ እሰማታለሁ። ዛሬ ብትጠየቅ አላልኩም ትላለች። ብላለች። ስሜን እየጠራች ጥሩ ጥሩ ነገር ተናግራልኛለች፤ ያንን ከአፏ ለመስማት ከጣሪያ መውደቅም ባልከፋ ነበር።

ያን ጊዜ የቤቷ በር ተከፈተ። እናቴ ዱላዋን አስቀድማ ብቅ አለች። ለደነቆረ ጆሮ እንኳ የሚበዛ ጩኸት ነበረ።

«ማን ነው የሞተው?» አለች።

 አንዷ ሴት በሁለት እጇ አፏን ያዘች፣ አንዷ ወደ በሩ አፈገፈገች። መልስ የሰጡት ከድንጋጤያቸው ብዛት ጋሽ ደምሴ ናቸው።

«እርስዎ ነዎት፣ እትዬ ወርቄ።»

«መቼ?» አለች እናቴ።

 እናቴ ሰዉን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ያለቀሰ ፊት ሁሉ ላይ ትንሽ ትንሽ ቆየች። ብርቄን አላየኋትም፣ ቀረች እንዴ ብላ ጠየቀች። ብርቄ ወገቧን አሟት ነው አሏት። ይህንንም ልብ አለችው፤ ብርቄ ከሰፈራችን አሮጊቶች የእሷ የቅርብ ጓደኛዋ ናት። እኔ ጽጌን አቅፌ፣ ጽጌም አቅፋኝ፣ ከዚያም ለቅቃ ትከሻዬን ሁለቴ መትታኝ፣ አልማዝስ ታዲያ ብዬ ጠየቅኩ። አልማዝ ምን ሆነች ብለው ሁሉም ደነገጡ። ደወልን፤ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

ጋሽ ታፈሰ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉና ወደ እኔ ዞሩ። በጣም ተቆጥተዋል።

«ቲቸር፣ ድንኳኑን ለምን እንደፈለግከው ለምን አልተናገርክም?»

«አልጠየቁኝማ፣ ጋሽ ታፈሰ።»

«ሐዘንተኛ ይጠየቃል?»

 አሮጊቶቹ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነገር አመጡ። ሟች የሌለበት ድንኳን ሟርት ነው፤ ዛሬ ያለ ሟች ተተክሎ ነገ ሟቹን ያመጣል ይላሉ። ይህን ሲሉ ሁሉም የሚያዩት እናቴን ነው። አሁኑኑ ይነቀል የሚሉ አሉ፤ መንቀሉማ ይብሳል የሚሉም አሉ። ድንኳኑ ቢነሳ ሲሊኮኔ አይደርቅም፤ ፍልሰታ ደግሞ ደርሷል። ያን ለመናገር የሚያበቃ ፊት ግን አልነበረኝም።

እናቴ የአግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሟች አለ» አለች። «ባሌ። ለእሱ ድንኳን አልተተከለለትም። ከመጣችሁ አይቀር ቁጭ በሉለት።»

ጋሽ ታፈሰ ቆመው ቀሩ። በዚያ ዘመን ወጣት ሆነው ድንኳኑን ከሌላው ለቅሶ ቤት ሊያመጡ ተልከው ባዶ እጃቸውን የተመለሱት እሳቸው ነበሩ። እኛ ረስተነው ነበር፤ እሳቸው ግን አልረሱትም። ባርኔጣቸውን አወለቁና ከእናቴ አጠገብ ተቀመጡ። ከዚያ ሁሉም ተቀመጠ።

 መጀመሪያ ጋሽ ደምሴ፣ የጋዝ እሳት ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በአባቴ ተጎታች ቤት ውስጥ መሆኑን አወሩ፤ ሰማያዊ ሲሆንባቸው ሸሽተው ወጥተዋል። አንዷ ጎረቤት ደግሞ፣ አባቴ ከቆላ ያመጣላትን የማንጎ ፍሬ ቀብራ እንጦጦ ሥር ይበቅላል ብላ ስትጠብቅ መኖሯን ነገረች። ጋሽ ታፈሰም አባቴ አናት ላይ ሲደርስ ለእሳቸውም እናንተ ባትኖሩ አልወጣም ነበር ይላቸው እንደነበር ተናገሩ። እኔ ለእኛ ብቻ የሚለው ይመስለኝ ነበር። ሳቅን፣ መልሰንም አለቀስን፤ አባቴን ያን ያህል በቅርብ ያየሁት ከልጅነቴ ወዲህ ያኔ ነው።

ወሬው ሳያልቅ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። ድንኳኑ አርጅቷል፤ ሆዱ ውሃ አቁሮ ወረደ፣ ከዚያም በአንድ ወገን ተቀደደ። ሰው ሁሉ ወደ ቤቷ ሸሸ። ለሁለት ሰው የተሠራች ቤት ግማሽ ዕድር ዋጠች። ጋሽ ታፈሰን አክብረን አልጋው ላይ አስቀመጥናቸው። ባርኔጣቸው ተወልቋል። ጠብ አለ፣ መሃል አናታቸው ላይ። ጠብ። ጽጌ በሰው ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። ሳፋውን ከአልጋው ሥር አውጥታ በጋሽ ታፈሰ ጭን ላይ አስቀመጠችው። እሳቸውም አጎንብሰው ያዙት። አለቀልኝ አልኩ።

እናቴ ወደ ጣሪያው ቀና አለች።

«ፊቷን ከፍ አድርጓት እንጂ» አለች። «ውሃው እኮ ማዶ መውረጃ አጥቶ ነው እዚህ የሚተኛው። እሱ ክረምት በመጣ ቁጥር መጄን ሰርቆ ከፊቷ ሥር ያደርጋት ነበር። በርበሬ መፍጫ አሳጥቶኝ ስንጣላ ነው የኖርነው።»

ያ መጅ አሁንም አለ፤ ወፍጮው ከቀረ ወዲህ የውሃ በርሚላችንን ክዳን ይጫናል። ወንዶቹ ወደ በረዶው ወጡ። ክሪክ የለኝም፣ ማንም አልጠየቀም። አስክሬን ማንሳት የለመዱ የዕድር ትከሻዎች ከፊቷ ሥር ገብተው፣ በስመአብ ብለው፣ ውስጧ ካሉት ሴቶችና ከጋሽ ታፈሰ ጋር አነሷት። መጁን አንከባልዬ ከሥሯ አስገባሁ። ጣሪያው ላይ ተኝቶ የነበረው ውሃ በኋላዋ በኩል በአንድ ጊዜ ሲፈስ ተሰማ፤ የወረደው የጽጌ ቲማቲም ላይ ነው።

ተመልሰን ስንገባ ሁሉም የጋሽ ታፈሰን አናት እያየ ነበር። ጠበቅን። ውጭ ይዘንባል፣ ጣሪያው ይደበደባል። ጠብታው አልመጣም። ጽጌ ትንሽ ጠበቀች፣ ጣሪያውን በመዳፏ ዳበሰች፣ ከዚያ ሳፋውን ከጋሽ ታፈሰ እጅ ተቀብላ በመስኮት ደፋችውና ወደ ማድቤት ይዛው ሄደች።  ዛሬ ሳፋው ውስጥ ጎመን ይታጠብበታል።

ዝናቡ አባርቶ ሰው ሲበተን ጋሽ ደምሴ የተቀደደውን ድንኳን አሸክመው ወጡ። እናቴ በመስኮቱ እያየቻቸው ነበር። ፊቷን አላዞረችም። እኔ ከአጠገቧ ተቀምጬ ጠረጴዛውን አጠፍኩ፣ መልሼ ዘረጋሁ። ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ኩሽኔታም ስለ ሻጋታም አላሰብኩም። ከተበላሸ ይሠራል፤ እጅ አይጠፋም።

«የእሱ በሯ በወዲያ በኩል ነበር» አለች እናቴ።

መጀመሪያ አልገባኝም። በሩን አየሁት። እጄን ጠረጴዛው ላይ ተውኩት።

«ይህች አይደለችም ማለት ነው?»

«አይደለችም።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«በመጣች ቀን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ደስ ብሎህ ነበራ።» ነጠላዋን ሰበሰበች። «ደግሞም ዝናብ ሲመታት ድምፁ አንድ ነው።»

 ከቤት ጽጌ ራት ቀርቧል፣ ግቡ እያለች ተጣራች። ተነስቼ ለእናቴ እጄን ዘረጋሁላት። ውጭ እንደገና ማካፋት ጀምሯል። እናቴ ወደ ጣሪያው ጆሮዋን ሰጥታ፣ ደህናውን እግሯን አልጋው ላይ አወጣች።

«እመጣለሁ» አለችኝ።

መስኮቱን ገርበብ አድርጌላት ወጣሁ። ራቱ ቀዘቀዘ። ማንም አልተቆጣም።